አሰልጣኝ ለመለመን ጋቢ ለብሰን

ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል፤ ሞኝ ነኝ። ደግሞ ዝም ብሎ የሚኖር ሞኝ አይደለሁም። ተናጋሪ ሞኝ ነኝ። ዝም የሚለው ሞኝ ቢያንስ እስኪናገር ድረስ ይከበራል፤ እኔ ያቺን ክብር እንኳን አግኝቼ አላውቅም።

ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። ውሸት እንዳይሆንብኝ፣ ልጅ ሆኜ ሰው ጎድሎባቸው በረኛ አድርገውኝ ነበር። የመጣችውን ኳስ በአፍንጫዬ አዳንኳት። ከዚያ ወዲህ እኔና ኳስ በሩቁ ነው የምንተዋወቀው። እንዲህም ሆኜ ግን በአዳማ ከተማ ስለ ኳስ ከእኔ በላይ የሚናገር ሰው ካለ አምጡልኝና እንወዳደር። ሥራዬ የግድግዳ ቀለም መሸጥ ነው። ደንበኛ ገብቶ "ነጭ ቀለም አለ?" ሲለኝ፣ "ነጭማ ሞልቷል፤ ግን ያ የግራ ተከላካያችን ትናንት የሠራውን ጉድ አይተሃል?" እለዋለሁ። ቀለም ሳይገዛ የሄደው ብዙ ነው። ባለቤቴ "አንተ ሱቅ የከፈትከው የምታወራው ሰው በራሱ እግር እንዲመጣልህ ነው" ትላለች። ተከራክሬያት አላውቅም።

የማወራው ታዲያ ስለ አውሮፓ ኳስ አይደለም። እሱን ሁሉም ያወራዋል። የእኔ ጉዳይ የሰፈራችን ታዳጊ ቡድን ነው፤ ነጎድጓድ ይባላል፤ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች። አዳማ ላይ ነጎድጓድ ከሚሰማበት ቀን አቧራ የሚነሳበት ስለሚበዛ፣ "አውሎ ነፋስ ቢባል አይሻልም ወይ?" ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። የደገፈኝ የለም።

ስብሰባችን የሚካሄደው ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው የጁስ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ቋሚዎቹ እኔ፣ ሻምበልና እድሪስ ነን። ሻምበል ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ኳስን የሚያዩት እንደ ግንባር ነው። "የቀኝ ክንፋችን ተጋልጧል! ደጀን የለንም!" ሲሉ፣ መንገደኛ ቆም ብሎ ምን ተፈጠረ ብሎ ይደነግጣል። እድሪስ ደግሞ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያስጭን ደላላ ነው። እሱ ተጫዋች የሚገመግመው እንደ ማሳ ነው። "ይሄ ልጅ ገና ነው፤ ትንሽ መሬት ውስጥ ይቆይ። ያኛው ግን ደርሷል፤ ዛሬ ካልተነሳ ይበላሻል" ይላል። የሚገርመው ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

የዘንድሮው ትልቁ ክርክራችን አንድ ነበር፤ ታዳጊ ቡድን የሚቋቋመው ዋንጫ ለመብላት ነው ወይስ ልጅ ለማሳደግ?

አሰልጣኛችን ገመቹ ሁለተኛውን ነው የሚያምነው። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ነጭ ሆኖ በቀጥታ ሜዳ ይመጣል። የእሱ ሕግ ከልምምድ ያልቀረ ልጅ ሁሉ ይጫወታል የሚል ነው። ጎበዝም ይሁን ሰነፍ፣ ተራው ሲደርስ ይገባል።

"ይሄ የኳስ ቡድን ነው ወይስ የውሃ ወረፋ?" እል ነበር እኔ።

"ልጅ ካልተጫወተ በምን ይማራል?" ይለኛል እድሪስ።

"ቤቱ ይማር! እኛ ዋንጫ ነው የምንፈልገው!"

"ስልታዊ ማፈግፈግ ነው" ይላሉ ሻምበል። ለማን እንደደገፉ ግን አይታወቅም።

ሌላው ጉዳዬ ሮባ ነበር። ሮባ የቡድናችን ረጅሙ ልጅ ነው፤ እናቱ በር ላይ ስትጠራው ጎንበስ ብሎ ነው የሚወጣው። ገመቹ ይህን የሚያህል ቁመት ይዞ የሚያስገባው ተራው ሲደርስ ብቻ፣ ያውም ጨዋታው ካለቀለት በኋላ ነበር። እኔ ዓመቱን ሙሉ "ሮባን አስገባ!" እያልኩ ጉሮሮዬ ነቃ። ቁመት እያለ የማይጠቀም አሰልጣኝ ማለት መሰላል ይዞ ግድግዳ በመዝለል የሚቀባ ሰው ማለት ነው ብዬ ከሙያዬ ምሳሌ ሰጥቻለሁ።

እንዲህ እየተሟገትን የሞጆን ልጆች አንድ ለዜሮ አሸንፈን ለፍጻሜ አለፍን። እሁድ መቂ ላይ ከመቂ ታዳጊዎች ጋር ልንጫወት ነው። ሌላ ሰፈር ቢሆን ይጨፈራል። እኔ ግን ሐሙስ ዕለት በረንዳው ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ወጣሁበትና ንግግር ጀመርኩ።

"ወገኖቼ! በአንድ ጎል ማሸነፍ ማሸነፍ አይደለም! ሮባ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋንጫ አይታሰብም! ችግሩ ልጆቹ አይደሉም፤ ችግሩ ማኔጅመንቱ ነው! ማኔጅመንቱ ይውረድ!"

እዚህ ላይ ማኔጅመንቱ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ማኔጅመንቱ ገመቹ ነው። አሰልጣኙ እሱ፣ ቡድን መሪው እሱ፣ ኳስ የሚነፋው እሱ፣ ሜዳ የሚለምነው እሱ። ማሊያ የምታጥበው ደግሞ ሚስቱ ናት። እኔ ግን "ማኔጅመንት" ስል ክራቫት ያሰሩ ብዙ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር የሚታዩኝ።

ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እድሪስ በዓይኑ ወደ ኋላዬ አመለከተኝ። እኔ ግን የምናገረው የነካቸው መሰለኝና ጨመርኩበት። ዘወር ስል ገመቹ ዱቄት እንደለበሰ የአቮካዶ ጁሱን ይዞ ቆሟል።

"ጨረስክ?" አለኝ በለሆሳስ።

"ኧረ... መግቢያው ላይ ነበርኩ" አልኩት።

ፊሽካውን ከአንገቱ አወጣና በእኔ አንገት ላይ አጠለቀው። "በል፤ ወርጄልሃለሁ። እሁድ ይዘሃቸው ሂድ" አለና ጁሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። እድሪስ "ይሄ ከሚበላሽ" ብሎ ጁሱን ጠጣው።

አርብ ማታ ፊሽካዬን አንጠልጥዬ ልምምድ ቦታ ሄድኩ። ምን ላድርግ? አውርጄዋለሁ፣ ልተካው ነዋ! ልጆቹ ሜዳው ላይ ተበታትነዋል። በሙሉ ኃይሌ ነፋሁ። ከልጆቹ በፊት አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን ይዞ ቆመ፤ ትራፊክ መስዬው ነው።

አምበሉ እየሮጠ መጣ። "ጋሼ፣ ኮች የት አለ?"

"ወርዷል።"

"ከምን?"

ምን ልበለው? "ከ... ከኃላፊነት" አልኩት።

ልጁ ተመልሶ ለጓደኞቹ ነገራቸው። ሁሉም እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አሉ። ፊሽካ ብነፋ፣ ባጨበጭብ፣ ብቆጣ፣ ባባብል የሚነሳ ጠፋ። "ኮች ካልመጣ መቂ አንሄድም" አሉኝ። ወደ ሮባ ዞርኩ። ዓመት ሙሉ የጮህኩለት ልጅ ነው፤ እሱማ አይጨክንብኝም።

"ሮባዬ፣ አንተ እንኳን..."

"ጋሼ፣ እኔም አልሄድም" አለኝ። ቁጭ ብሎም ከእኔ ብዙ አያንስም።

ያን ማታ እህል አልገባልኝም። ባለቤቴ ነገሩን ሰምታ ኖሮ፣ "እነዚያ ልጆች ዓመቱን ሙሉ የሮጡት አንተ ሳጥን ላይ እንድትወጣ ነው?" አለችኝና መብራቱን አጥፍታ ተኛች። ጨለማ ውስጥ እኔና ፊሽካው ቀረን።

በማግሥቱ በረንዳው ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጥን። መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ ሽማግሌ ይላክ። የተጣላ የሚታረቀው፣ የተቆጣ የሚመለሰው በሽማግሌ ነው። ችግሩ ማን ይሂድ ነው። ሻምበል በዕድሜያቸው አለፉ። እድሪስ ቤቱን ስለሚያውቅና አፋን ኦሮሞው ስለሚጣፍጥ አለፈ። ሦስተኛ ሲፈለግ ሁሉም እኔን አዩኝ።

"እኔ እኮ በዳዩ ነኝ! በዳይ ሽማግሌ ሆኖ ያውቃል?"

"ሽበት አለህ?" አሉኝ ሻምበል።

"አለኝ።"

"ጋቢ አለህ?"

"አለኝ።"

"በቃ፣ ከዚህ ሌላ መስፈርት የለም።"

የአዳማን የቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል። በዚያች ፀሐይ ሦስት ጎልማሳ ወንዶች ጋቢ ለብሰን አንድ ባጃጅ ውስጥ ታጨቅን። ሾፌሩ በመስታወቱ አየን፣ ፈገግ አለ። "የማን ልጅ ናት?" አለን። "አንተ ንዳ" አሉት ሻምበል። እሱ ግን ሳቀና ጡሩምባውን እየነፋ ሰፈሩን ሁሉ አዳርሶ አደረሰን። እግዜር ያሳያችሁ፣ እዚያ ላይ መንቃት ነበረብን። አልነቃንም። እኔማ ጭራሽ ቡድናችን ይህን ያህል ደጋፊ አለው እንዴ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ገመቹ ቤት አልነበረም፤ ፋብሪካ ነው፣ ይመጣል ተባልን። የተቀበለችን ሚስቱ ወይዘሮ አለሚቱ ናት። በሩን ከፍታ ሦስት ጋቢ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወደ ውስጥ ሮጠችና ታላቅ ወንድሟን ጠራች። ኦቦ ጫላ ይባላሉ፤ ከወለንጪቲ እህታቸውን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው ወጡና አንድ በአንድ ገመገሙን።

"አካም ኦልተን" አሉን፤ እንዴት ዋላችሁ ማለታቸው ነው።

እድሪስ በሚያምር አፋን ኦሮሞ መለሰ፤ ስለ ከብቱም፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ዘመድ አዝማዱም ተጠያየቁ። ከዚያ ኦቦ ጫላ ወንበር አሳዩን። "ተቀመጡ።"

"የመጣንበትን ሳትሰሙን አንቀመጥም" አሉ ሻምበል። ወጉ ነው። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ እህል ውሃም አይቀምስም።

ወይዘሮ አለሚቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ጩኮ አቅርባለች። በገብስ ዱቄትና በቅቤ ታሽቶ ወዙ የሚያበራ። መብራት ስለጠፋ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ቆሟል። በጋቢዬ ውስጥ ላብ ከአንገቴ ተነስቶ ካልሲዬ ድረስ ሲወርድ ይሰማኛል። እድሪስ ዓይኑን ከጩኮው ላይ መንቀል አቅቶታል።

ሻምበል ጀመሩ። እኔ ብናገር ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ግን እንዳልናገር አስምለውኛል። እሳቸው ደግሞ ሽምግልና በቀጥታ አይነገርም ብለው ያምናሉ።

"ይህ ቤት የተከበረ ቤት ነው" አሉ። "ሰው የሚያፈራ ቤት ነው። የእኛ ቤት ደግሞ ጎድሎብናል። ከዚህ ቤት የምንፈልገው አለ፤ አጥተነው ማደር አልቻልንም። እንቢ እንዳትሉን ከደጃችሁ ቆመናል።"

ኦቦ ጫላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የአንዲት ወጣት ሴት ትንፋሽ ቆረጥ ሲል ሰማሁ። ቢፍቱ ናት፣ የገመቹ ልጅ፤ ዘንድሮ ኮሌጅ የጨረሰች።

"መልካም" አሉ ኦቦ ጫላ። "እኛም ዘመድ እናማክር። ሁለት ሳምንት ስጡንና ተመለሱ።"

ሻምበል ደነገጡ። "ሁለት ሳምንት? ኧረ አይሆንም! እኛ የምንፈልገው ነገ ጠዋት ነው። መኪና ተዘጋጅቷል።"

"ነገ?" ወይዘሮ አለሚቱ ከወንበሯ ተነሳች። "ምን አስቸኮላችሁ?"

"ነገ ካልሆነማ ምን ይሠራልናል!" አለ እድሪስ። "ሁሉም ነገር ያለቀለት ነው። መቂ ሰው ይጠብቀናል!"

ወይዘሮ አለሚቱ ቀስ ብላ ወደ መጋረጃው ዞረች። መጋረጃውን ገለጠችና የልጇን ሆድ አየች።

"እማዬ!" አለች ቢፍቱ፤ ጮኸች ማለት ይሻላል።

ወንድምና እህት ጓዳ ገብተው ተንሾካሾኩ። እኛ ቆመናል። እግሬ ደንዝዟል። እኔ የማስበው፣ አንድ አሰልጣኝ ለመስጠት ቤተሰብ ይህን ያህል ከተማከረ፣ ይሄ ሰው ቤቱ ውስጥ ምን ያህል ይከበራል እያልኩ ነበር። አፈርኩ።

ኦቦ ጫላ ተመልሰው መጡ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ዘመኑ ተለውጧል፤ እኛም አንከለክልም። ሰጥተናል! ይህ ቃል ከአፌ ከወጣ የሚመልሰው የለም። በሉ ተቀመጡ።"

ወይዘሮ አለሚቱ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤትም ከግንቡ ወዲያ ተቀበለች። ተቀመጥን፣ ተቃቀፍን፤ እኔም ጩኮውን በጉርሻ ልክ አንስቼ አፌን ሞላሁት።

"በሉ አሁን የልጁን ስም ንገሩን" አሉ ኦቦ ጫላ። "ያ የባንክ ቤቱ ልጅ ነው አይደል?"

እድሪስ ግራ ገባው። "የትኛው ልጅ? ልጆቹ እኮ አሥራ ስምንት ናቸው።"

በዚሁ መሐል በሩ ተከፈተና ገመቹ ዱቄቱን እንደለበሰ ገባ። ሚስቱን አየ፤ እንባዋን ትጠርጋለች። ልጁን አየ፤ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች። ከዚያ እኔን አየ፤ ጋቢ ለብሼ፣ ጉንጬ ተወጥሮ፣ ከእሱ ሶፋ ላይ።

"ቡድኔን ወሰድክ" አለኝ። "ፊሽካዬን ወሰድክ። አሁን ደግሞ ልጄን ልትወስድ መጣህ?"

ልመልስለት ነበር። ጩኮ ግን እንደምታውቁት በችኮላ አይዋጥም።

ሻምበል በዚህች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር በቀጥታ ተናገሩ። የመጣነው ለእሱ እንደሆነ፣ ልጆቹ አቧራው ላይ ተቀምጠው እንደቀሩ፣ ያለእሱ ፍጻሜው እንደሌለ ሁሉንም ዘረዘሩ። ቢፍቱ ሳቋ አመለጣትና ወደ ጓዳ ሮጠች። ወይዘሮ አለሚቱ ግን አልሳቀችም።

"ቡድኑን ትተሃል? ታዲያ ትናንት ማታ ልምምድ ነበርኩ ያልከኝ የት ነበርክ?"

ገመቹ ጫማውን ማየት ጀመረ። "ከሜዳው ግንብ ጀርባ ሆኜ አያቸው ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለ። "አንተንም አይቼሃለሁ፤ ያን ፈረስ ስታስቆም። እንደዚያ ስቄ አላውቅም።"

"እንግዲያው ተመለስ!" አለ እድሪስ።

"አልመለስም። ተሰድቤያለሁ።"

ኦቦ ጫላ ከዘራቸውን አነሱ። "ስማ ገመቹ። እኔ በእነዚህ ሰዎች ፊት ሰጥቻለሁ ብያለሁ። እህቴ፣ ሚስትህ፣ እልል ብላለች፤ ጎረቤት ሰምቷል። ልጅቷን አልፈለጉም። ስለዚህ የሰጠሁት አንተን ነው። ነገ ጠዋት ትሄዳለህ።"

ገመቹ ሳቁን ለመዋጥ ታገለ፤ አልቻለም። ቆይቶ ግን በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። "እሺ። ግን ጥሎሽ አለኝ። ይሄ ሰው ነገ ተጠባባቂዎቹ ወንበር ላይ ከእኔ አጠገብ ይቀመጣል። የሚጮኸውን ሁሉ መጀመሪያ ለእኔ በጆሮዬ ይነግረኛል።"

ይሄ ቅጣት ነው ወይስ ሹመት? እኔ ሞኙ ሹመት መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ስልት ሳወጣ አደርኩ።

መቂ ስንደርስ ሜዳው ጢም ብሏል። ልጆቹ ገመቹን ከበው አውቶቡስ ውስጥ ሲዘፍኑ ነው የመጡት። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጨዋታው ተጀመረ፤ እግዚኦ! ከበረንዳ የሚታየው ኳስና ከወንበሩ የሚታየው ኳስ አንድ አይደለም። ከበረንዳ ሲታይ ሁሉም ልጅ ቦታው ይታወቃል። ከወንበሩ ሲታይ አቧራ ነው፣ ጉልበት ነው፣ ጩኸት ነው። የእኛን ማሊያ ከእነሱ ለመለየት ራሱ ጊዜ ፈጀብኝ።

እነሱ አገቡ። እኛ አገባን። አንድ እኩል ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ገመቹ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ተከላካዩ ደክሟል። አንድ ቅያሪ ቀርቶኛል። ማንን ላስገባ?"

ውሃ ጠጣሁ።

"እየጠየቅኩህ ነው እኮ።"

እንደገና ውሃ ጠጣሁ። ከኋላችን ሻምበል "ውሳኔ! ውሳኔ ስጡ!" እያሉ ይጮኻሉ። ዓመት ሙሉ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስለው የነበረውን ስም አሁን እንደ ሌባ በሹክሹክታ አወጣሁት።

"ሮባን።"

ገመቹ ወደ እኔ ዞረ። "ሮባ ከፍ ያለ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። እየሠራንበት ነው፤ ገና ነው። እርግጠኛ ነህ?"

እርግጠኛ አልነበርኩም። ግን እንዴት ብዬ አይደለሁም ልበል? "አዎ" አልኩ።

"እሺ" አለና ሮባን ጠራው። ልጁ እየዘለለ ገባ፤ የእኛ ደጋፊም በጭብጨባ ተቀበለው። ወዲያው ለመቂ ልጆች የማዕዘን ምት ተሰጠ። ኳሷ ከፍ ብላ መጣች። ሮባ ተነሳ፤ ከሁሉም በላይ ተነሳ፤ የዚያን ዓይነት ዝላይ እኔ አይቼ አላውቅም። ዓይኑን ጨፈነ። ኳሷ ግንባሩን መታችና የእኛው መረብ ውስጥ ገባች።

ሁለት ለአንድ። አለቀ።

ሮባ ሜዳው መሐል ተደፍቶ ቀረ። ገመቹ ከሁሉም በፊት ወደ እሱ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ ሲናገረው ሰማሁት። "ና ተነሳ። ዓይንህን እንደምትጨፍን እያወቅኩ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። ያንተ አይደለም፣ የእኔ ጥፋት ነው።" ሮባን አስነስቶ ይዞት ሲወጣ ደጋፊው ከበበው።

"ማነው ሮባን ያስገባው?" አለ አንዱ። "በዚህ ሰዓት እንደዚህ ዓይነት ቅያሪ ይደረጋል?"

"እኔ ነኝ" አለ ገመቹ።

"እኔ ነኝ" ብቻ። ወደ እኔ ዞር እንኳን አላለም። ተሳደቡ፣ እሱም ቆሞ ሰማቸው። ከሚሳደቡት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ከእኔ ጋር "ሮባን አስገባ" ሲሉ የነበሩ አሉበት።

በመልሱ ጉዞ አውቶቡስ ውስጥ ሆዴ አልቻለም። ልጆች ናቸው፣ ሐዘናቸው ከመቂ እስክንወጣ እንኳን አልቆየም፤ ሐብሐብ ተገዝቶላቸው ይበላሉ። ሮባ ራሱ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ግን ዝላዬን አዩት?" ብሎኝ ሄደ። እኔ ብቻ ነኝ ኳሷ ደረቴ ላይ የተቀመጠችብኝ። በመጨረሻ ተነስቼ በመተላለፊያው መሐል ቆምኩ።

"ስሙኝ!" አልኩ። "ሮባን ያስገባሁት እኔ ነኝ! ገመቹን አትውቀሱት፤ ጠይቆኝ ነው፣ አስገባው ያልኩት እኔ ነኝ!"

አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ።

"አንተ ደግሞ!" አለ እድሪስ። "ውሃ ስትጠጣ ነው የዋልከው፤ በዓይኔ አይቼሃለሁ!"

"ከፈለግክ ወላሂ እልሃለሁ..."

"ለሽንፈት እንኳን ስሙ ካልተጠራ አይሆንለትም" አሉ ሻምበል። "ቁጭ በል አንተ ሰውዬ፤ አሰልጣኙን አትረብሽ።"

ብምልም ብገዘትም ማንም አላመነኝም። ስዋሽ የሚያምነኝ ሰፈር እውነት ስናገር ሳቀብኝ። ተመልሼ ገመቹ አጠገብ ቁጭ አልኩ። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ እየሳቀ ነው። ፊሽካውን አውጥቼ አንገቱ ላይ መለስኩለትና፣ "ለምን አልነገርካቸውም?" አልኩት።

"ብነግራቸው ልትከራከራቸው ነገ ተመልሰህ በረንዳው ላይ ትወጣለህ" አለኝ። "እኔ አጠገብ ስትቀመጥ ግን ቀኑን ሙሉ ሁለት ቃል ነው የወጣህ። ማክሰኞ ልምምድ አለ፤ ውሃህን ይዘህ ና።"